የአንባቢያን ጥያቄ፦ የተሰበረ የአያት ድስት ተመልሶ ይጣዳል?

ጥያቄ፤

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ አያቴ በየፋሲካው ዶሮ ወጥ የምትሠራበት፣ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ ሁለት ጆሮ ያለው ትልቅ የሸክላ ድስት ነበራት። በሙሽርነቷ ዘመን ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች እጅ እንደገዛችው ትነግረን ነበር። ከንፈሩ ላይ የቆየ ስንጥቅ አለው፤ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ አስበስታ በጠፍር አስራዋለች። እሷ ካረፈች በኋላ ለእናቴ፣ ከእናቴም ለእኔ ደረሰ። ባለፈው ክረምት ቤት ስንቀይር ከመደርደሪያ ላይ ወድቆ አምስት ትልልቅ ገልና ብዙ ጥቃቅን ስብርባሪ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ አዝኖልኝ ሁለቱን ትልልቅ ገሎች በሱፐር ግሉ አጣበቀልኝ፤ ይሁን እንጂ መጋጠሚያቸው ተንሻፎ ስለቀረ ሦስተኛው ገል አልገባም አለ። ልጄ በጥር ወር ትዳራለች። የሠርጓ ዶሮ በዚህ ድስት እንዲሠራ እንደ ስእለት የያዝኩት ነገር ነውና እንዴት ባደርግ ይሻላል?»

እናት፣ ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፤

ውድ እህታችን፣ ስለ ሠርጉ የጻፉት ልቤን ስለነካው ከእሱ ልጀምር። ድስቱ ተጠግኖ እንደ ቀድሞው ሊቆም ይችላል፤ እሳት ላይ ግን ተመልሶ አይጣድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከሁለቱ አንዱን ሳይወስኑ ጥገና የጀመሩ ሰዎች ሁለቱንም ሲያጡ ስላየሁ ነው። ለማብሰል ሲሉ በጠንካራ ማጣበቂያ ይለጥፉታል፣ በመጀመሪያው ጥደት ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ገሉ በደረቀ ማጣበቂያ ስለተበላሸ ለማስታወሻነት እንኳ ሊገጣጠም አይችልም።

ምክንያቱ በሸክላው ጠባይ ውስጥ ያለ ነው። የአገራችን ድስት ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ተሠርቶ፣ በድንጋይ ተፈትጎ፣ ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በገለባና በኩበት የሚቃጠል ስለሆነ ሙቀቱ በአብዛኛው ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አያልፍም። በዚህም የተነሳ ገላው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። እነዚያ ቀዳዳዎች፣ ሸክላ ሠሪዋ ከጭቃው ጋር ከለወሰችው አሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር ሆነው፣ የድስቱ ታች በነበልባል እየሰፋ አንገቱ ገና ቀዝቃዛ በሆነበት ሰዓት የሚፈጠረውን ጉተታ ይችሉታል። ማጣበቂያ ይህ ትዕግሥት የለውም። በየቤተ መዘክሩ ለሸክላ ጥገና የሚመረጠው ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለው ማጣበቂያ 40 ዲግሪ ገደማ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ ቀደም ብሎ ይፈላል ቢባል እንኳ፣ ያው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቁሌቱ ሲንጣጣ ደግሞ ከዚያም በላይ ይግላል። ኢፖክሲ ሙቀት በመቻል ቢሻልም፣ አንዴ ከያዘ ገሉን ሳይጎዱ ማላቀቅ ስለሚያስቸግርና ምግብ ለሚበስልበት ዕቃ የተሠራ ስላልሆነ አልመክረውም።

እስቲ አሁን አንዱን ገል አንስተው ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱት። ውጭና ውስጡ ቀላ ብሎ መካከሉ እንደ ከሰል ጠቁሮ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ የሜዳ እሳት ቶሎ ስለሚያልፍ በጭቃው ውስጥ የነበረው ሥራ ሥርና ገለባ ነዶ ሳያልቅ የቀረበት ምልክት ነው። ውስጠኛውን ገጽ በአውራ ጣትዎ ቢዳብሱት ደግሞ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ወደ ላይ እየሳበች ያሳደገችበትን የጣቶቿን ፈለግ ያገኙታል። ጥገናው ሲሠራ ከሁሉ በፊት መጠበቅ ያለበት ይህ ነው፤ ስለዚህ ስብራቱን በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ፈጽሞ አይገባም። ገል ከገል ጋር የሚገጥመው በራሱ ሻካራ ጠርዝ ብቻ ነው፣ ያ ጠርዝ ከተሞረደ ሌላ መተኪያ የለውም።

ሥራው የሚጀምረው ወንድምዎ ያጣበቁትን በመፍታት ነው። ወንድምዎ በቅንነት ያደረጉት ስለሆነ አይውቀሷቸው፤ ደግነቱ ሱፐር ግሉ በአሴቶን ይለቃል። አሴቶን በኬሚካል መሸጫዎች ይገኛል፤ አንዳንድ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ዋና ይዘቱ እሱ ነው፣ ነገር ግን ቀለምና ቅባት ያልተጨመረበትን ይምረጡ። ጥጥ በአሴቶን ነክረው በመጋጠሚያው ላይ በውስጥም በውጭም ያስተኙት፣ ቶሎ እንዳይተን በፌስታል ጠቅልለው ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት፣ ጥጡንም እየቀያየሩ ይደጋግሙት። አንድ ቀን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ገሎቹ በራሳቸው እስኪላቀቁ ድረስ መጎተት የለም፣ ምክንያቱም ማጣበቂያው ከሸክላው ስለሚጠነክር ሲጎትቱት የሚቀደደው ሸክላው ነው። አሴቶን እንደ ቤንዚን እሳት የሚስብ በመሆኑ ይህን ሁሉ ከምድጃ፣ ከከሰልና ከዕጣን ርቀው፣ ደጅ ላይ፣ ጓንት አድርገው ይሥሩት።

ገሎቹ ከተላቀቁ በኋላ ጠርዛቸውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፤ ቅባት ያለበትን ደግሞ በአሴቶን በራሰ ጥጥ ይጥረጉ። ከዚያ ሰፌድ ላይ ንጹሕ ነጠላ አንጥፈው ሁሉንም እንደየቦታቸው ይደርድሩና፣ ምንም ማጣበቂያ ሳይነኩ፣ በወረቀት ፕላስተር ብቻ ድስቱን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይግጠሙት። ሰው ሁሉ የሚዘልለው ይህን ነው፤ የሦስተኛው ገል አለመግባትም የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል። ከታች ጀምሮ ወደ ከንፈሩ የትኛው ገል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ ካልታወቀ፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ገል ቦታው እያለ መግቢያ ያጣል። ቅደም ተከተሉን ሲያገኙ በውስጥ በኩል በቀጭኑ በእርሳስ ቁጥር ይጻፉበት።

ለማጣበቂያነት ፓራሎይድን ማግኘት ከቻሉ፣ በአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ በሚመጣ ሰው በኩል ቢሆን፣ ከሁሉ ይሻላል፤ ያጣበቀው ሁሉ በአሴቶን ተመልሶ ስለሚፈታ የልጅ ልጅዎ የተሻለ ባለሙያ ቢያገኙ እንደገና ሊሠሩት ይችላሉ። መጀመሪያ ከ5 እስከ 10 በመቶ በሆነ ቀጭን ውሕድ ጠርዞቹ ይቀቡና ይደርቃሉ፣ ቀጥሎ እንደ ማር በወፈረው ይጣበቃሉ። ካጡ ግን አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ቪናቪል፣ እሳትና ውኃ ለማይነካው ዕቃ፣ ይበቃል። በቀን አንድ መጋጠሚያ ብቻ ይሥሩ። የተጣበቀውን ክፍል ደረቅ አሸዋ በተሞላ ሣፋ ውስጥ እንደ ችግኝ ተክለው፣ የላይኛው ገል በራሱ ክብደት ሚዛኑን ጠብቆ እንዲያርፍ አድርገው ያሳድሩት። ገል የጠፋበት ክፍት ቦታ ካለ በጀሶ ይሞላል፤ የጀሶው እርጥበትና ጨው ወደ ሸክላው እንዳይዘልቅ ግን ጠርዙ አስቀድሞ ፓራሎይድ የተቀባ መሆን አለበት። ቀለሙም ከድስቱ ጥቂት ፈካ ቢል እመርጣለሁ፤ ከሩቅ የማይጎረብጥ፣ ቀርቦ ለሚያይ ግን ጥገና መሆኑን የማይደብቅ ማለት ነው።

በሲሚንቶ የሚደፍኑ ሰዎች አሉ። እኔም በወጣትነቴ የእናቴን የጠላ ጋን ስንጥቅ በሲሚንቶ ደፍኜ ነበር። ሲሚንቶ ከሸክላ እጅግ የጠነከረ፣ ጨውም ያለበት በመሆኑ ከሁለት ክረምት በኋላ ስንጥቁ ባለበት ቆመ፣ በዙሪያው ያለው ሸክላ ግን እየተላጠ ወደቀ። እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ጋኑ ግን አልተመለሰም።

የአያትዎን ጠፍር አይንኩት። ደርቆ ተሰባብሮ እንኳ ቢሆን በአዲስ አይተኩት፣ በአሴቶንም አያርሱት። ድስቱ ላይ ካሉት ምልክቶች ሁሉ የአያትዎ አሳብና እጅ በግልጽ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና ከጥገናው በፊት ፎቶ ያንሱት። በውጭ በኩል የተጋገረውን ጥላሸትም እንዲሁ ይተዉት፤ የስንት ፋሲካ ጭስ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። አክስቶችዎ በሕይወት ካሉ ድስቱ መቼ፣ በስንት ብር፣ ከማን እጅ እንደተገዛ፣ ማን ምን ይሠራበት እንደነበር ጠይቀው በወረቀት ጽፈው ድስቱ ውስጥ ያኑሩት።

አሁን ወደ ሠርጉ ልመለስ። ወለቃ ከከተማችን በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኝ መንደር እንደሆነች ያውቃሉ። እዚያ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራ፣ ወንዶቹ በቀጥቃጭነት ይታወቁ ነበር። ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም.ና በ1983 ዓ.ም. ከነበሩት ጉዞዎች ጋር ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስዷል። አያትዎ በሙሽርነታቸው ከወለቃ ገዙት ካሉ፣ ሠሪዋ ከእነዚያ እናቶች አንዷ የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነው። ድስቷ በየቤቱ የክብር ወጥ ሲሠራበት፣ እሷ ራሷ ግን በዚያ ዘመን ለባለ እጅ ይሰጥ በነበረው ክፉ ስም ትጠራ እንደነበር መሸሸግ አይገባንም። በወረቀቱ ላይ የእሷንም መንደር ይጻፉላት።

ዛሬም ወለቃ ውስጥ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ለጎብኚ ከሚያቀርቧቸው ትንንሽ ምስሎች ሌላ፣ በትእዛዝ ድስት ይሠሩ እንደሆነ ሄደው ያነጋግሯቸው። የተገጠመውን ድስት፣ በፕላስተር ብቻ በቆመበት ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ፎቶውንና ልኩን በስንዝር ይዘው ይሂዱ፤ የሆዱን ስፋት፣ የአንገቱን ቁመት፣ የጆሮዎቹን አቀማመጥ። እንዲሁም ማጣበቂያ ያልነካቸውን፣ የትም ቦታ ሊገጥሙ ያልቻሉትን ጥቃቅን ስብርባሪዎች በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው ይውሰዱ። የተፈጨ ገል ከጭቃ ጋር መለወስ የሸክላ ሠሪዎች የቆየ ጥበብ ነው ብያለሁ፤ ሸክላ ሠሪዋን ቢጠይቋት የአያትዎን ድስት ፍርፋሪ ፈጭታ ከአዲሱ ድስት ጭቃ ጋር ልትለውሰው ትችላለች። ያን ጊዜ የልጅዎ ዶሮ የሚሠራበት ድስት በእርግጥ ከዚያው ድስት የወጣ ይሆናል። ሸክላ ቀስ ብሎ ጥላ ውስጥ መድረቅ ስላለበት፣ ከተቃጠለም በኋላ መሟሸት ስለሚያስፈልገው፣ ለጥር እንዲደርስልዎ ትእዛዙን ሳይውሉ ሳያድሩ ይስጡ።

ጥያቄ፤

«የእናቴ የሸክላ ድስት አልተሰበረም፤ ነገር ግን ከ15 ዓመት በላይ ጎተራ አጠገብ ተቀምጦ ቆይቷል። የቆየ ቅቤ ይሸታል፣ በውጭ በኩልም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አውጥቷል። ባለቤቴ ወጥ ልትሠራበት ትፈልጋለች፤ አጥበን ብንጠቀምበት ችግር አለው?»

አንባቢ፣ ከአዘዞ

መልስ፤

ወንድማችን፣ ከመታጠቡ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። ድስቱ ጎተራ አጠገብ በቆየባቸው ዓመታት የነቀዝ መድኃኒት፣ ላምባ ወይም ሌላ ኬሚካል ተቀምጦበት ወይም ፈስሶበት ያውቃል? ሸክላ የጠጣውን አይተፋም። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካለ፣ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ ድስቱ ለጌጥ ይቀመጥ እንጂ ምግብ አይሠራበት።

ጥርጣሬ ከሌለ ድስቱን በአንድ እጅ ከውስጥ ደግፈው አንጠልጥለው በጣትዎ አጥንት ዙሪያውን ያንኳኩ። ጤነኛ ሸክላ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የታፈነ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ከሰጠ ዓይን ያላየው ነቅ አለበት። ቀጥሎ ውኃ ሞልተው ደረቅ ወረቀት ላይ ያሳድሩት። ወዝ ማውጣቱ የሸክላ ጠባይ ነው፤ በአንድ መስመር ጠብ ጠብ ካለ ግን እሳት አይችልም።

ነጩ ዱቄት ፀጉር መሳይና የሚሸት ከሆነ ሻጋታ ነው፣ በብሩሽ ተጠርጎ ፀሐይ ይበቃዋል። እንደ አመዳይ ደረቅ ከሆነና ተጠርጎ ተመልሶ ከወጣ ግን ከምግቡና ከመሬቱ የሰረገ ጨው ነው። ድስቱን ንጹሕ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ውኃውን በየቀኑ እየቀየሩ ለጥቂት ቀናት ያቆዩት፤ ከዚያ በፊት ታቹን በእርጥብ ጨርቅ ነክተው ሸክላው ወደ ጭቃነት የማይለወጥ መሆኑን ይዩ፣ በደንብ ያልተቃጠለ ሸክላ ውኃ ውስጥ ሊፈርስ ይችላልና። ላርጎም ሆነ ሌላ ፈሳሽ ሳሙና አይጠቀሙ፤ ቀዳዳዎቹ ሳሙናውን ይጠጡና በሚቀጥለው ወጥ ይመልሱታል። በረኪናም ከዚያ የባሰ ነው፤ ሽታው ከመቅረቱ በላይ ሲደርቅ የሚተወው ጨው ሸክላውን ከውስጥ ይልጠዋል። ለቅቤው ሽታ ጥቂት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ የተጨመረበት ውኃ ሞልተው በለስላሳ ፍም ላይ ያሙቁት፣ ይድፉት፣ ይድገሙት። ከሦስት አራት ጊዜ በኋላ ፀሐይ ላይ ለቀናት ሰንብቶም ከሸተተ፣ ቅቤው ከሸክላው ጋር አንድ ሆኗል ማለት ነው።

ሽታው ከለቀቀ ባለቤትዎ እንደ አዲስ ድስት ታሟሸው። ውስጡን የጎመን ዘር ወይም የኑግ ዘይት ቀብታ፣ በዱቄት የተበጠበጠ ቀጭን ሙቅ እስከ ወገቡ ሞልታ፣ መጀመሪያ በፍም፣ ቆይታ በትንሽ ነበልባል ታፍላው፤ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ዱቄቱ ሲበስል አብጦ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። እንደ ፀጉር ለቀጠነና ለማያፈስ ስንጥቅ ወተት ቀስ ብሎ ማፍላትም ይረዳል፣ ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ስለሚረጋ፤ የግድግዳውን ውፍረት ዘልቆ ለሄደ ስንጥቅ ግን አይሠራም። ከዚያ በኋላ ድስቱ ባዶውን አይጣድ፣ በጋለበት ቀዝቃዛ ውኃ አይጨመርበት፣ ሲወርድም ሲሚንቶ ወለል ላይ ሳይሆን ማቶት ላይ ይቀመጥ። በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠሩ ከሆነ በመካከሉ የብረት ሰሌዳ ያስገቡ።

ጥያቄ፤

«የእናታችንን የቆየ የሸክላ ድስት ውጭ አገር ለምትኖር እህቴ ልልክላት ነው። እንዲያምር በቫርኒሽ ልቀባው አስቤያለሁ፤ ምን ይላሉ?»

አንባቢ፣ ከአራዳ

መልስ፤

ቫርኒሹን ይተዉት። ድስቱን ያንጸባርቀዋል፣ እርጥበቱን ግን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፣ በጊዜ ብዛትም ከነገላው ይላጣል፣ እህትዎም ዳግመኛ ሊያበስሉበት አይችሉም። ስለ መላኩ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። አንድ የቆየ ድስት በቅርስነት የሚያዝ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ስለሆነ፣ አውሮፕላን ጣቢያ ደርሰው ከመመለስ አስቀድመው ዕቃውን ወይም ፎቶውን ይዘው ይጠይቁ። ፈቃዱ ከተገኘ ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅጥቀው፣ ጆሮዎቹን ለየብቻ ጠቅልለው በእጅ በሚያዝ ሻንጣ ይላኩት፤ በጆሮው ግን ማንም እንዳያነሳው ይንገሩ፣ የቆየ ሸክላ ጆሮው ከሆዱ ቀድሞ ይደክማልና ሁልጊዜ ከሥሩ በሁለት እጅ ተደግፎ ይነሳ።